ከበር ውጭ የተበላው ተዝካርሽ

ውድ እህቴ ማዕዛ፣

ትናንት አርባሽን አወጣን። ዛሬ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር፤ የሒሳብ መምህሩ ሲያስተምር እኔ ይህን ስጽፍልሽ ዋልኩ። እቤት ብጽፈው እማዬ ታየኛለች። አንቺ ግን መስማት አለብሽ፤ አደራው ያንቺ ነበርና።

ሆስፒታል ግሉኮሱ እጅሽ ላይ እንደተሰካ፣ "አሉላ፣ ከሞትኩ በተዝካሬ ቀን በር ላይ ቆሞ የሚበላ ሰው እንዳይኖር። ሁሉም ድንኳን ውስጥ ይቀመጥ" አልሽኝ። "በቃ ዝም በይ፣ ትድኛለሽ" አልኩሽ። አልዳንሽም።

ነገሩ የጀመረው ካዛንቺስ ከምትሠሪበት ሆቴል ያንን ፎቶ ኮፒ መጽሐፍ ተውሰሽ የመጣሽ ቀን ነው። ስለ አሜሪካ ጥቁር ቄሶች ነበር። እራት እየበላን ትተረጉሚልኝ ጀመርሽ። "ጥቁሮቹ ከነጮቹ ጋር ተቀምጠው እንዳይጸልዩ ሰገነት ላይ ያወጧቸው ነበር። እነሱ ግን ምን አሉ መሰለህ? እግዚአብሔር እታች ከጌቶቹ ጋር አይደለም፣ እዚህ እኛ ጋ ነው።" ከዚያ መጽሐፉን አጠፍሽና "የኛ ሰገነት የቱ ነው?" አልሽኝ። አፌ ሞልቶ ስለነበር አልመለስኩልሽም።

አርብ ሰንበት ትምህርት ቤት ስታስተምሪ ራስሽ መለስሽው። "የኛ ሰገነት በሩ ነው። በዝክር ቀን እኛ ውስጥ እንበላለን፣ ነዳያን በር ላይ ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። ክርስቶስ የተሰቀለው ከከተማው ቅጥር ውጭ ነው፤ የሚፈልገው ወደዚያ ይውጣ።"

አጎታችን አስመላሽ የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ነውና ብድግ አለ። "እኛ ለማንም ባሪያ ሆነን አናውቅም! የአሜሪካን ጣጣ እዚህ ምን አመጣው?"

"ባሪያ ሆነን ባናውቅም ጌታ ሆነን እናውቃለን፣ አጎቴ" አልሽው።

ልጆቹ ሳቁ። የጎዳሽ ሳቁ ነው። በሳምንቱ እንዳታስተምሪ አገዱሽ፤ እንደታገድሽም ታመሽ ሞትሽ። ለአጎቴ የመለስሽለት ቀን እንዴት እንደኮራሁብሽ ነግሬሽ አላውቅም።

ትናንት ከፍትሐቱ በኋላ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያሉትን ነዳያን ሁሉ ዞሬ ጠራሁ። "ድንኳን ውስጥ ነው የምትቀመጡት" አልኳቸው። ዓይነ ስውሩ አባባ ኢተፋ "የማዕዛ ከሆነ እመጣለሁ" አሉ። ሲመጡ ሁሉም ተጣጥበው ነበር። አንዷ ሴትዮ የልጇን ፀጉር በውሃ አስተኝታዋለች።

አጎቴ የግቢያችንን በር ዘግቶ ቆመ።

"አንተ ልጅ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ማዕዛ ናት ያለችው።"

"ማዕዛ ሞታለች! ካህናቱ ገና አልበሉም። እነዚህ በኋላ፣ እዚሁ በር ላይ ይበላሉ። ደንብ አለ!"

የንስሐ አባታችን አባ ወልደአረጋይ ድንኳን ውስጥ ሆነው ሰምተዋል። አቀርቅረው ጠላቸውን ጠጡ።

እማዬ ተነሳች። ከቀብርሽ ወዲህ በትግርኛዋ ልጄ ለማለት "ጓለይ" እያለች አንቺን ከመጥራት በቀር ቃል አልወጣትም ነበር። "ይግቡ፣ አስመላሽ" አለችው። አጎቴ ከበሩ ዘወር አለ።

ማንም ግን አልገባም።

"ግቡ እንጂ!" አልኳቸው።

አባባ ኢተፋ በዱላቸው መሬቱን ቆርቆር አደረጉ። "ልጄ፣ ዛሬ እናትህ አስገባችን። ነገ ሌላ ቤት ዝክር ሲኖር በሩ ላይ የሚቆሙት እኚሁ ሰውዬ ናቸው። ቂም ይይዙብናል። ተወን፣ እዚሁ ይሻለናል።"

"እኛ መግባት ካቃተን ወጡ ይውጣ" አለ አንዱ ከኋላ፤ "እሱን የሚከለክለው የለም።" ሳቁ።

ማዕዛ፣ እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አደራሽ እጄ ላይ ተሰበረ። በር ላይ የሚቆም እንዳይኖር ነበር ያልሽኝ፣ ሁሉም ቆመዋል። ያኔ አርብ ዕለት የተናገርሽው መጣብኝ፦ የሚፈልገው ወደዚያ ይውጣ። ትሪ ይዤ ወጣሁና አቧራው ላይ ከአባባ ኢተፋ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ጎረቤቱ ሁሉ ከድንኳን ሆኖ ያየናል። የተከተለኝ የለም። አባ ወልደአረጋይ እስከ ድንኳኑ አፍ መጡ፣ ትንሽ ቆሙ፣ ተመለሱ። ቆይታ እማዬ ፎቶሽን ታቅፋ መጣች። አጠገባችን ተቀምጣ አባባ ኢተፋ እጅ ላይ አኖረችው። እሳቸው መስታወቱን ዳበሱት።

"እኔ የማውቃት በድምጿ ነው" አሉ። "ይሄ አይናገርም።"

"ምን ትልዎት ነበር?" አለች እማዬ።

"ሌላው ሰው 'እግዜር ይስጥዎ' ብሎ ያልፋል። እሷ ቆማ፣ ምሳ በልተዋል ወይ ትለኛለች።"

እማዬ ከትሪው እንጀራ ቆርሳ ወጡን ጠቀለለችበት።

"አባባ፣ ምሳ በልተዋል?"

ድምጿ ያንቺን ይመስላል። እስከ ትናንት አላስተዋልኩትም ነበር።

አሸነፍን አልልሽም። ድንኳኑ ፈርሷል፣ እገዳሽ አልተነሳም፣ አጎቴ አኩርፎ ሄዷል። ዛሬ ጠዋት ሳልፍ አባባ ኢተፋ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ብርዱ ያንቀጠቅጣቸዋል። የአርቡን ትምህርት ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። እኔ ግን አርብ ወደ ውስጥ አልገባም። የምሳ ዕቃዬን ይዤ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። የምጠይቀውን አውቃለሁ።

በእናታችን ድምፅ ውስጥ የምፈልግሽ ታናሽሽ፣
አሉላ
ቂርቆስ፣ ጥቅምት ፳፻፭ ዓ.ም.