የታችኛው ፎቅ ለቅሶ

ቢያድግልኝ፣

ሽሮው ድስት ውስጥ ነው፤ አሙቀህ ብላ። ንፍሮውን ግን እንዳትነካ፣ የለቅሶ ነው።

ታች ያሉት ጀርመናዊት ሴትዮ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ደጃቸውን የረገጠ የለም። ትናንት ብገባ «ምን ልርዳሽ?» አሉኝ። «ምንም፤ ልቀመጥ ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። አንተ ደግሞ «በርሊን ሞጣ አይደለም፣ የሐዘን ካርድ መላክ ይበቃ ነበር። ትምህርቴን ስጨርስ እንሄዳለን፤ ጎረቤት ምናችን ነው?» ብለህ ጀርባህን ሰጥተኸኝ ተኛህ።

ያኔ ተናድጄ «ድሮም የቢቸና ሰው» ያልኩህ እናትህን አይጨምርም።

ዛሬ ጠዋት ሴትዮዋ አንኳኩተው «ዛሬስ አትመጪም?» አሉኝ።

ከክፍል ስትመለስ ንፍሮውን ይዘህ ውረድ። ቤት ውስጥ መቀመጫ አትፈልግ፤ ሁለቱንም ወንበሮቻችንን ለለቀስተኛ ብዬ አውርጃቸዋለሁ።

ማናለሽ