ለእትዬ አስካለ ያልተመኘችው ቤት

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ዛሬ አሸንፌ ገባሁ! እማዬ ያለችበት የቶራንስ ከተማው የአረጋውያን ቤት የመንግሥት ኢንስፔክሽን ነበረው፤ ላስተረጉምላት ከሥራ ኦፍ ወስጄ ሄድኩ።

ኢንስፔክተሯ ትጠይቃለች፣ እማዬ ታመሰግናለች። ምግቡስ? "ተመስገን።" ነርሶቹስ? "ይባረኩ።" እሁድ ቀሚሷ ረጥቦ ሳገኛት ለእኔ ለልጇ እንኳ "ውሃ ፈሶብኝ ነው" ያለች ሴት ለባዕድ ስሞታ ልታወጣ? ነውር ነዋ! ኢንስፔክተሯ ሁሉንም "በጣም ጥሩ" እያለች ቼክ ስታደርግ ደሜ ፈላ።

ሶ አንድ ጥያቄ ከራሴ ጨመርኩ። "እማዬ፣ እትዬ አስካለ እዚህ ልግባ ቢሉሽ ምን ትያቸዋለሽ?" በድሮ ሰፈሯ በፌርፋክስ ጎረቤቷ ናቸው፤ እንደ እህቷ ነው የምታያቸው።

ቀና ብላ ተቀመጠች። "አስካለ? ምን በደለችኝና! ደወሉን ብትጫን ማን ይመጣላታል? እስኪመጡ ሽንቷ ያመልጣታል እኮ! ገላዋንስ ወንድ ነው የሚያጥባት። ኧረ እዛው ቤቷ ትሁን!"

አንዲት ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩ። ኢንስፔክተሯ ራሷ ደወሉን ተጫነችና ሰዓቷን አየች። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቁጭ አልን፤ ዝር ያለ ሰው የለም። ከዚያ ማናጀሩን አስጠራችው። ፊቱ በርበሬ መስሎ ቆሞ እያየ፣ ፎርሙን ከመጀመሪያው ገጽ እንደ አዲስ ሞላችው። ለእማዬ ሴት ረዳት እንዲመድብም እዚያው አስፈረመችው።

ልወጣ ስል እማዬ እጄን ያዝ አድርጋ "ሰዎቹን አስቀየምናቸው እንዴ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"በደንብ!" አልኳት።

እጄን ለቅቃ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ተመስገን" አለች።