ከካርታው የቀረችው መንደር

የካቲት 3
መሥሪያ ቤት። የካርታ መሳቢያዎቹ እንደገና ተጣብቀዋል፤ ሦስተኛውን በጉልበቴ ታግዬ ከፈትኩት። ቀኑን ሙሉ የገጠር መንገዶች ሳስተካክል ዋልኩ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት አለቃዬ ጠራኝ። ጋሽ መስመር የምንላቸው አንጋፋ ካርታ ሠሪያችን ሊሸለሙ ነው። ንግግሩን አንቺ ጻፊው አለኝ።

"ሁለት ገጽ ይበቃል። አርባ አንድ ዓመት ካርታ ሠሩ፣ የጂኦግራፊ መጻሕፍት ተረጎሙ፣ ጡረታ ወጡ። አበቃ።"

ለምን እኔ? የመጨረሻዋ ተማሪያቸው ስለሆንኩ ይሆናል። ያኔ አንዲት ፊደል ሸፈፍ አለች ብለው ሙሉ የካርታ ሉህ እንደገና አሠሩኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እቤት ገብቼ አለቀስኩ… ለነገሩ እኔም ልሄድ ነው። ወደ ፈቃድ መስጫ ክፍል ለመዛወር ማመልከቻ አስገብቻለሁ። እዚያ ስለ ፊደል የሚጨቀጭቅ የለም። እናቴ ደስ ብሏታል። "ዓይንሽ ሳይጠፋ ውጪ" ትለኛለች።

የካቲት 5
ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ባለቤታቸው ከፈቱልኝ። "ግቢ ልጄ። አልጠበቅኩሽም ቢሉሽ አትመኚያቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ በር በሩን ነው የሚያዩት" አሉኝ።

የጋሼ አንድ ዓይን ጭራሽ አያይም። በሌላው ማጉያ መነጽር አስጠግተው ያነባሉ። እርሳሶቻቸው ግን አሁንም በቁመታቸው ተደርድረዋል።

ስለ ትርጉም ሥራቸው ጠየቅኳቸው። አንድ ቃል ሰባት ወር ፈጀብኝ አሉ። ዝናቡ ወርዶ ግማሹ ወደ አንዱ ወንዝ፣ ግማሹ ወደ ሌላው የሚሄድበት የተራራ ጫፍ በእኛ ቋንቋ ምን ይባላል? መዝገበ ቃላት ገለበጡ፣ የተማረ ሰው ሁሉ ጠየቁ። የለም። አንድ ቀን ጣራቸው አፈሰሰ። ሠራተኛው ጣራው ላይ ወጥቶ ሲያይ ከታች ሆነው "የት ጋ ነው?" አሉት።

"ውሃ መለያው ላይ።"

"ምን አልከኝ?"

"ውሃ መለያው ነዋ። ዝናቡ ለሁለት የሚለይበት።"

መሰላሉ ሥር እንደቆሙ ጻፉት። "እኔ ምን ተረጎምኩ?" አሉኝ። "ሰዎቹ ቀድመው ብለውታል። የእኔ ሥራ መጠየቅ ነበር።"

ያንን ቃል ስድስተኛ ክፍል ሆኜ በቃሌ ሸምድጄዋለሁ። ከመጽሐፉ ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር… ስለ ሽልማቱ ሳነሳ ግን ፊታቸውን አዞሩ።

የካቲት 6
ጉንፋን። አንድ መስመር አልጻፍኩም።

የካቲት 10
የድሮ ሥራቸውን ልይ ብዬ የካርታ መጋዘን ገባሁ። መስመራቸው ፀጉር ያህላል። ወንዙ ወረቀቱ ላይ የሚፈስ ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለ እጅ ነበር ከጎኔ ተቀምጦ የኖረው?

አንዱ ሉህ ላይ፣ ከጋራ ሥር፣ ትንሽ ነጥብና ባለ አራት ፊደል የመንደር ስም አየሁ። ቀለሙ ለየት አለብኝ። በጥፍሬ ዳበስኩት። ህትመት አይደለም፤ በብዕር የተጻፈ ነው። ሁለተኛውን ቅጂ አወጣሁ። እሱም እንደዚያው። መጋዘን የቀሩት ሰባቱም ቅጂዎች።

መጋዘኑን የሚጠብቁትን እትዬ ጠየቅኳቸው።

"አልሰማሽም እንዴ?" አሉኝ። ሉሁ ሲታተም ያቺ መንደር ቀርታ ነበር። ስድስት መቶ ቅጂ ለየትምህርት ቤቱ፣ ለየጤና ጣቢያው ከተበተነ በኋላ ታወቀ። ጋሼ እንደገና ይታተም ብለው ቢለምኑ፣ ለአንዲት መንደር ማን ያትማል? "ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ። በአውቶቡስ፣ ሲብስም በእግር። ሰው የዓመት ፈቃድ ሲወጣ ያርፋል፤ እሳቸው ከስተው ነበር የሚመለሱት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት።"

"ስድስት መቶውን? አንድ በአንድ?"

"አንድ በአንድ።"

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

የካቲት 12
"ማን ነገረሽ?" አሉ ጋሼ። ከዚያ አወሩኝ።

አንድ ገበሬ ለጉዳይ መሥሪያ ቤት ይመጣል። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አዲሱን ሉህ ያያል። ወንዙን በጣቱ ተከትሎ ወጣ፣ ጋራውን ዞረና ቆመ። "እኛስ የት ነን?" አላቸው።

"ምን ልበለው? አላውቃትም ብል ውሸት ነው። ቤታቸው አድሬያለሁ። አሥራ አንድ ቤት ናት። የጋራው ስም እዚያ ጋ ቦታ ፈለገ፤ ፊደሎቹ ሲጨናነቁ አስጠሉኝ። ሉሁ እንዲያምር ብዬ አወጣኋት። ማንም አላዘዘኝም።"

"ሰውየው ተቆጣ?"

"ቢቆጣ በወደድኩ። 'ተሳስቼ ይሆናል' አለና ከወንዙ ጀምሮ እንደገና መፈለግ ያዘ።"

ማጉያቸውን አስቀመጡ።

"ይህን ከጻፍሽ እመጣለሁ። ካልጻፍሽ ሽልማታችሁን በፖስታ ላኩልኝ።"

ያ ሉሁን ሦስት ሳምንት ያሠራኝ ቁጣ… ለካ እኔ ላይ አልነበረም።

የካቲት 14
አለቃዬ ንግግሩን አነበበ። ቀይ እስክሪብቶ አነሳ።

"ሰው በሚከበርበት ቀን ጉዱ ይነበባል?"

"ራሳቸው ናቸው ጻፊ ያሉኝ።"

"ሽማግሌ ብዙ ይላል። ሰርዤዋለሁ፤ የቀረው ይበቃል።"

የቀረው እውነትም ያምራል። እሱ ነው የጨነቀኝ።

የካቲት 19
እንደሆነው ልጻፈው።

አዳራሹ ሞልቷል። ጋሼ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘዋቸው ገቡ። ይጻፍ ያሉት መጻፉን ነግሬያቸዋለሁ፤ መሰረዙን ግን አልነገርኳቸውም። ማንበብ ጀመርኩ። ቀይ የተሰመረበት ቦታ ስደርስ ቀና አልኩ። አለቃዬ ፊት ለፊቴ ነው። አነበብኩት። ገበሬውንም፣ ጣቱንም፣ አሥራ አንዱንም ቤት።

ከኋላ አንድ ሽበታም ርዕሰ መምህር ብድግ አለ።

"አምስተኛ ክፍል ነበርኩ" አለ። "አንድ ሰው አቧራ ለብሶ መጣ። አስተማሪያችንን አስፈቀደና ካርታውን ከግድግዳ አውርዶ መሬት ላይ ዘረጋው። ጫማውን አውልቆ ተንበረከከ። ጻፈ፤ እስኪደርቅ እፍ እያለ ጠበቀ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረና 'ልጆች፣ የተሳሳተ ካርታ ሰጥቻችሁ ነበር፤ ይቅር በሉኝ' አለን። ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ ያን ቀን ነው ያየሁት። ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።"

አዳራሹ ተነሳ። ተነሱ ያለ የለም። ጋሼ ምን እንደሆነ አላዩም፤ ባለቤታቸው በጆሯቸው ነገሯቸው። ያኔ ነው አንገታቸውን የደፉት።

መድረክ ሲወጡ ብዙ አልተናገሩም። "አመሰግናለሁ። ሦስት ቅጂ ይቀረኛል። የት እንዳሉም ደርሼበታለሁ። ዓይኔ እምቢ አለኝ።" ወረዱ።

አለቃዬ አላናገረኝም። መነጽሩን ሲጠርግ ግን አይቼዋለሁ።

የካቲት 20
የዝውውር ማመልከቻዬን መልሼ ወሰድኩ። እናቴ "ጤነኛ ነሽ?" አለችኝ። እንጃ።

የካቲት 29
ጋሼ ዘንድ። የመንደሯን ስም አራት ፊደል ሁለት መቶ ጊዜ አጻፉኝ። ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር ለጥፈው አንድ በአንድ አዩ። ሰባቱን ብቻ ወደዱ። አላጉረመረምኩም።

መጋቢት 16
ሁለት ቀን በአውቶቡስ፣ ግማሽ ቀን በእግር። ካርታው ያለው ጤና ጣቢያ፣ ከመድኃኒት ክፍሉ በር ጀርባ ነው። ጠርዙ ተበልቷል። ለነርሷ ነገሩን አስረድቼ፣ አስፈቅጄ አወረድኩት፤ ወለሉ ላይ ዘረጋሁት።

ነርሷ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። "ለአሥራ አንድ ቤት ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽው?"

"አዎ" አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ትንፋሼን ይዤ ጻፍኩ። ነጥቧን መጨረሻ ላይ አስቀመጥኳት። እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ውጪ ወጥቼ ኔትዎርክ ያለበት ጉብታ ላይ ቆሜ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ አንዱን አገኘሁት። ጽፌያለሁ።"

ወዲያው ጠየቁኝ።

"ፊደሎቹ አልተጨናነቁም?"

"አልተጨናነቁም።"

"ተባረኪ። ሁለት ቀረን።"

ቀረን ነው ያሉት። ቀረኝ አላሉም።