ከመጋረጃ ማዶ ልጅ ያናገሩት ሲስተር ጥሩአየሁ ወልደ ኪዳን

ሲስተር ጥሩአየሁ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ኪዳን ፋንታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈንታነሽ በላቸው መጋቢት 12 ቀን 1951 ዓ.ም. በቢቸና ከተማ ተወለዱ። የመሪጌታ ግቢ የቅኔ ተማሪ የማይታጣበት ስለነበር፣ በዚያ ቤት ዝም ያለ ሰው ከተገኘ ወይ ታሟል ወይ አኩርፏል ተብሎ ይጠየቅ ነበር።

ዕድሜያቸው ሲፈቅድ በቢቸና አንደኛ ደረጃን፣ በደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃን ተምረው፣ በነርስነት ሠለጠኑ። በ1973 ዓ.ም. ለስድስት ወር ተብለው ሞጣ ጤና ጣቢያ ተመደቡ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቆዩ። በ1976 ዓ.ም. ከመምህር አምላኩ ስጦታው ጋር ጋብቻ መሥርተው እፀገነትንና ኃይለ ጊዮርጊስን አፍርተዋል። መምህር አምላኩ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው፤ ቢናገሩም በዚያ ቤት ተራ አይደርሳቸውም ነበር።

ሲስተር በይበልጥ የሚታወቁት ልባቸውን ለሚያማቸው ሕፃናት ባደረጉት ነው። በአካባቢያችን እንዲህ ያለ ልጅ ሲገኝ ቤተሰቡ ይሰበሰብና «አታስቁት፣ አታስለቅሱት፣ አታናግሩት» የሚል ሕግ ያወጣል። ከፍቅር የመጣ ሕግ ነው። ሲስተር ግን «ልቡ የደከመ ልጅ አእምሮውም ለማደግ ይቸገራል፤ ዝምታ ሲጨመርበት ጭራሽ ወደ ኋላ ይቀራል» ይሉ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. የሞጣው ጨርቅ ነጋዴ አቶ አብዱልሐኪም ሦስት ዓመት ያለፋት ልጃቸው ጁማና በልቧ ላይ ክፍተት ተገኝቶባት አዲስ አበባ ለሚደረግላት ቀዶ ሕክምና ተራ ትጠብቅ ነበር። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሬዲዮ ተዘግቷል፤ አውራ ዶሮው ልጅ ያስደነግጣል ተብሎ ታርዷል። ጁማና እስከዚያ ድረስ አንዲት ቃል ተናግራ አታውቅም።

ሲስተር ገብተው አዩና «አብዱልሐኪም፣ የታመመው ልቧ ነው፤ ጆሮዋ ምን አደረጋችሁ?» አሉ። እናቷ ወይዘሮ ዓሊማ «ስትስቅ እኮ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ሲስተር» ብለው አለቀሱ። ሲስተር የልብ ሐኪሟን በስልክ ጠየቁ፤ «ትጫወት፣ ሲደክማት ራሷ ታርፋለች፤ ከጠቆረች ጉልበቷን ወደ ደረቷ አጥፋችሁ ያዟት» ተባሉ። ማጫወት ጀመሩ። በሳምንቱ ልጅቱ ስትስቅ ጠቆረች። እንደተባለው አጥፈው ያዟት፤ መለስ አለላት። አባትየው ግን «ሁለተኛ ቤቴን እንዳይረግጡ!» አሏቸው።

ሲስተር ቤቱን አልረገጡም። ለምሳ ከሥራ ሲወጡ ሱቁ በረንዳ ላይ መቀመጥ ጀመሩ፤ ሱቁንና ቤቱን የሚለየው መጋረጃ ነው። ምንም ሳይገዙ፣ መጋረጃውን አልፎ በሚሰማ ድምፅ ገበያተኛውን «እንቆቅልሽ!» ይሉታል። ገበያተኛው «ምን አውቅልሽ!» ይላል። «ቀን ሙሉ ጨርቅ ይለካል፣ እሱ ራቁቱን ያድራል።» የሚያውቅ ይጠፋል። አቶ አብዱልሐኪም መልሱን፣ ሜትሩን፣ በእጃቸው ይዘው እየለኩ፣ ተኳርፈዋልና አይናገሩም። «እንግዲያው ሀገር ስጡኝ!» አንዱ የአምበርን ከተማ ይሰጣቸዋል። «አምበር ገብቼ ጤፉን በላሁት፣ ለአንተ ገለባውን ተውኩልህ» ይሉታል፤ ሱቁ በሳቅ ይሞላል።

አንድ የገበያ ቀን ሲስተር «እንቆቅልሽ!» ቢሉ የሚመልስ ጠፋ፤ ሰው ሁሉ ዋጋ ላይ ነው። ከመጋረጃው ማዶ ቀጭን ድምፅ «ምናውቅልሽ!» አለ።

አቶ አብዱልሐኪም ሜትሩን እንደዘረጉ ቆሙ። ወይዘሮ ዓሊማ ከጓዳ «ሰማህ? አንተ፣ ሰማህ?» እያሉ ወጡ። አባትየው ሜትሩን ጠቅልለው «ይግቡ እንጂ ሲስተር፤ በረንዳ ላይ ብርድ አለ» አሉ። ጊዜው ቀትር ነበር።

ጁማና በ2004 ዓ.ም. የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ዛሬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከእርሷ በኋላ ሲስተር የቀዶ ሕክምና ተራ የሚጠብቁ የልብ ሕመምተኛ ሕፃናትን በየሳምንቱ በጤና ጣቢያው ከእናቶቻቸው ጋር ሰብስበው ማጫወትና ማናገርን ልማድ አደረጉት። ከጎረቤት በጩኸቱ አቤቱታ ቀርቦባቸዋል። በ2010 ዓ.ም. ለሕፃናቱ አእምሮ እድገት ላደረጉት አስተዋጽኦ ጋቢና የምስክር ወረቀት ተሸለሙ፤ ጋቢውን በዕለቱ ለአንድ በሽተኛ አለበሱት፣ የምስክር ወረቀቱን ግን ለማንም አልሰጡም።

በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው ወደ ቢቸና ተመለሱ። ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምናና በጠበል ሲረዱ ቆይተው፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችንና አራት የልጅ ልጆችን ትተዋል።

ዛሬ በአቶ አብዱልሐኪም አስተባባሪነት ከሞጣ በአውቶቡስ የመጡ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው በመካከላችን ይገኛሉ። ከልጆቹ ከፊሎቹ ገና ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ናቸው። በጸሎቱም ሆነ በልቅሶው መሐል ቢያወሩ፣ ቢጠይቁ፣ ቢስቁም፣ ማንም «እሽሽ!» እንዳይላቸው ቤተሰቡ በትሕትና ያሳስባል። የጠየቁትን የሚያውቅ ይመልስላቸው።

አምላከ ቅዱሳን የእኅታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ማኅበር ይደምርልን፤ ለቀረነው መጽናናትን ይስጠን። አሜን።