እናታችን ጠላ ይዛ አሶሳ የሄደች ጊዜ

በልጅነቴ ጆሮዬን እየቆነጠጠች ላሳደገችኝ፣ ዛሬ ቆንጣጭ አጥቼ ለምናፍቃት ለእህቴ ለኢልሊ ይድረስ።

እንደምን ከርመሻል? የመተሐራ ፀሐይ አጠቆረሽ ወይስ አንቺው አጠቆርሻት? ጤናሽ፣ ወገብሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ባልሽ ጋሼ ገረሱስ ከሸንኮራው ጋር እንደምን ሰንብቷል? ትንሿ ሎዛ ጥርስ አወጣች? ካወጣች መጀመሪያ አባቷን ትንከስ፤ እኔ እስክመጣ በእሱ ትለማመድ። እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናታችን አዮ ደህና ናት፣ ላሟ ወልዳለች፣ እኔም እንደ ድሮዬ ነኝ፤ ለእኔ ጎረቤቱ ሁሉ እየጸለየልኝ ነው። ከሰባተኛ ክፍል የወጣ ሰው ፊደሉ ቢንጋደድ እንዳትስቂ፤ ከሳቅሽም ብቻሽን ሳቂ፣ ለጋሼ ገረሱ አታሳዪው።

ወሬው እንዲህ ነው። አሶሳ የክልል ከተማ ከሆነች ወዲህ ቢሮ እንደ እንጉዳይ በቅሎባታል። ባለፈው ቅዳሜና እሁድ ታዲያ ሕዝቡ እርስ በርሱ ይተዋወቅ ተብሎ ትልቅ በዓል ተደገሰ። ከየወረዳው ቤት የተጠመቀ መጠጥ ይምጣ፣ ዘፈንም ከነመሣሪያው ይምጣ ተባለ። ከባምባሲ የማን ጠላ ይሂድ ሲባል ሰው ሁሉ ባንድ አፍ የእናታችንን ስም ጠራ። አባባ ካረፈ ጀምሮ ያሳደገን ያ ጠላ አይደል? እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ ፈራሁ። ለምን ብትይኝ አንቺ ያላወቅሽው ነገር አለ።

ክረምት ላይ አዮን ወባ ጥሏት እንደነበር ጽፌልሽ ነበር። ድና ከተነሣች በኋላ አንድ ቀን ሻይዋ ላይ በስኳር ፈንታ ጨው ሞጅሬ በር ላይ ቆምኩ፣ ዱላ ሲመጣ ለመሮጥ እንዲመቸኝ። ኢልሊ፣ አዮ ሻዩን እስከ ታች ጠጥታ «ዛሬስ ስኳሩን አልሰሰትክም፣ ተባረክ» አለችኝ። ሩጫዬ እግሬ ላይ ቀረ። ወባው የምላሷን ጣዕም ይዞባት ሄዷል። ለማንም አልተናገረችም፤ ወጡንም ጠላውንም በእጇ ልማድ ነበር የምትሠራው። እኔም እንዳወቅሁባት አልነገርኳትም። ድሮ አንቺ ጋኑ አጠገብ ተንበርክከሽ ስትቀምሺ፣ እሷ ዓይንሽን እያየች ስትጠብቅ ትዝ አለኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ሁለት ጋን ጠላ በገለባ ጠቅልለን አይሱዙ ላይ ጫንን። በዚያ መንገድ ጋን ብቻውን አይተውምና አንዱን ሐምዳን አቅፎ ተቀመጠ፣ ሌላውን ቦዔዝ። ሐምዳንን ታስታውሺዋለሽ፣ ያ ዙምባራ መለከት የሚነፋው የመንጌ ወረዳ ልጅ፤ ቦዔዝ ደግሞ ዘማሪው ነው። አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ጴንጤ፤ ሁለቱም ጠላ በከንፈራቸው ነክተው አያውቁም። «ሐምዳን፣ ሼኩ ጋን አቅፈህ ቢያዩህ ምን ይላሉ?» ስለው «እኔ ሸክላውን ነው ያቀፍኩት፣ ውስጡን አላየሁም ወላሂ» አለኝ። ቦዔዝ መንገዱን ሙሉ ዓይኑን እንደጨፈነ ነበር። «በርታ፣ ጸልይበት፤ ብቻ ወደ ውኃ እንዳትመልሰው» አልኩት።

አሶሳ ሜዳው ዳስ በዳስ ሆኖ ጠበቀን። ከወዲያ የጉሙዝ እናቶች የማሽላ መጠጣቸውን በቅል ይዘው፣ ከወዲህ ሺናሻዎቹ ቦርዴያቸውን ይዘው፣ ጥግ ላይ ደግሞ ከሌላ አገር የተመደቡ መምህራን ኪቦርድና ጄኔሬተር ይዘው። ጄኔሬተሩ ከዘፋኙ ይበልጥ ይጮሃል፤ ዜማውም ይሻላል። እኛ ዳስ ፊት የባምባሲ ሽማግሌዎችና ከቢሮ የመጡ እንግዶች ዋንጫቸውን ይዘው ተደረደሩ።

ጠማቂዋ ሳትቀምስ ለእንግዳ አይቀዳምና አዮ ከቦዔዝ ጋን ቀዳች፣ ጠጣች፣ ከንፈሯን ጠረገችና «ጥሩ ወጥቷል» አለች። ቀጥሎ የቤቱ ልጅ እኔ ጠጣሁ። ኮምጥጦ አፍ ይሰበስባል! ፀሐዩና መንገዱ ገድለውታል። «አዮ፣ ይሄ ተበላሽቷል» ብላት ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። መቼም ታውቂኛለሽ፣ ጠላ በቀመስኩ ቁጥር አንገቴን ይዤ፣ መሬት ላይ ተንፈራግጬ፣ «ሞትኩ» ሳልል አልነሣም ነበር። «ዛሬ ደግሞ ቆሞ ነው የሚሞተው!» አሉ ሽማግሌዎቹ። ማልኩ፤ ባሰባቸው። ይመስክሩልኝ ብዬ ወደ ጓደኞቼ ዞርኩ። ሐምዳን «እኔን ተወኝ፣ ሐራም ነው» ብሎ እጁን አነሣ። ቦዔዝ «ላሽትተውና ልንገርህ» አለ፤ አሸተተና «ጠላ ጠላ ይላል» አለ። ከስንት ሰው መርጬ ይዤ የሄድኩት እነዚህን ነው እንግዲህ!

አዮ ልትቀዳ ማንቆርቆሪያውን አነሣች። ያ ጠላ ለእንግዳ ከተቀዳ «ጥሩ ወጥቷል» ያለች ሴት ምላሷ እንደሄደ አገር ያውቃል። ከዚያ በኋላ ከእሷ ቤት ማን ይጠጣል?

ያን ጊዜ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ጋን ሲበላሽብን በሰው ፊት ቃል አይወጣሽም ነበር፤ ዋንጫውን ጨልጠሽ ጉልበትሽ ላይ ትደፊውና አዮን ታያታለሽ። እኔም ያን ኮምጣጣ እስከ አተላው ጨለጥኩት። ፊቴን አላጨማደድኩም። ለዚህ የፈጀሁትን ጉልበት እርሻ ላይ ባውለው ዘንድሮ ጎተራችን ይሞላ ነበር። ዋንጫውን ጉልበቴ ላይ ደፍቼ ዓይን ዓይኗን አየኋት። አዮ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። ጠላው መበላሸቱን ብቻ አይደለም ያወቀችው፤ የምላሷን ነገር እኔ ማወቄንም አወቀች። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞራ «ይሄኛውን መንገዱ አናውጦታል፣ ይረፍ፤ ከወዲያኛው እንጀምር» አለችና ከሐምዳን ጋን ቀድታ፣ እንደ ወጉ ቀምሳ፣ ለእኔ ሰጠችኝ። እስክጠጣ ድረስ ዓይኔን እያየች ጠበቀች። ይሄኛው ደህና ነው፤ በዓይኔ «ቅጂ» አልኳት።

አንድ ጋን ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ምን ይበቃል? ግማሽ ግማሽ ዋንጫ እየተባለ ገና እሁድ ሳይመጣ አለቀ። ሰዉም «የባምባሲ ጠላ ግሩም ነው፣ ሰዎቹ ግን ቆንቋኖች ናቸው» እያለ ሄደ። በስስት መታማት እንዲህ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር! ቦዔዝንማ «ጸሎትህ ጋን ይገድላል» እያልኩ እስካሁን መውጫ አሳጥቼዋለሁ።

እሁድ ቀትር ላይ እነሐምዳን ዙምባራቸውን ይዘው ሜዳው መሐል ገቡ። እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል፣ አንዱ ከጎደለ ዜማው ጥርስ እንደወለቀበት አፍ ይሆናል። በሠርግ ሰሞን እየነፉ በደጃችን ሲያልፉ፣ እኔና አንቺ እንስራችንን ምንጩ ላይ ጥለን ስንከተላቸው፣ አንቺ ስትጨፍሪ ነጠላሽ እሾህ ላይ ሲቀር፣ አዮ ደግሞ በኋላ ሁለታችንንም ስትጠብቀን፣ ሁሉም መጣብኝ። አዮም «ኢልሊ ይህን ትወድ ነበር» አለች። ቀልድ ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም።

ስንመለስ የኮመጠጠውን ሰው ሳያይ ደፍተን፣ ባዶ ጋኖቹ መሐል ጎን ለጎን ተቀመጥን። ባምባሲ ልንደርስ ስንል አዮ ዝቅ ብላ «እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ያ ሰው ያመሰገነው ጠላ እንደ ኢልሊ ጊዜ ነበር?» አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በነፃ ስዋሽ ኖሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለደግ ነገር ልዋሽ ፈለግሁ። ዓይኗን ሳይ አቃተኝ። «አይደለም አዮ፣ ጌሾው በዝቶበታል፤ ያኔ ይበልጥ ነበር» አልኳት። ከዚያ ራሴን ዳበስ አድርጋ «እንግዲያው ካሁን በኋላ አንተ ትቀምስልኛለህ» አለች። ይኸው ጋኑ አጠገብ የምንበረከከው እኔ ሆኛለሁ፤ የጉልበትሽ ጎድጓዳ መሬቱ ላይ እስካሁን አለ።

ሐምዳን ሰላም ይልሻል፤ ደህና መሆንሽን ጠይቅልኝ ብሏል። ቦዔዝ እጸልይላታለሁ ይላል፤ አንቺ ጋን ስላልሆንሽ አያሰጋም። ጋሼ ገረሱን አክብረሽ ሰላም በይልኝ፣ ሎዛን በሁለት ጉንጯ ሳሚልኝ። አዮ ደግሞ ከሁሉ በላይ ትናፍቂያታለሽ። ስለ ምላሷ መጻፌን አታውቅም። አንቺ መንታ ወልደሻል ብዬ አንብቤ ሰፈሩን እልል ካሰኘሁ ወዲህ ደብዳቤሽን የሚያነብላት ቦዔዝ ነበር፤ ትናንት ግን «የኢልሊ ደብዳቤ ሲመጣ አንተው ታነብልኛለህ» አለችኝ። እንግዲህ የጻፍሽውን እንዳለ ነው የማነብላት፤ አንዲት ቃል አልጨምርም፣ አልቀንስም። ስለዚህ ለመስቀል እመጣለሁ ብለሽ የምትጽፊ ከሆነ የምርሽን ይሁን፤ እኔ አነባለሁ፣ እሷም ታምነኛለች።

ወንድምሽ ሌንጂሳ
ባምባሲ፣ የካቲት ፲፬ ቀን ፲፱፻፹፰ ዓ.ም.