ከጭቃው አንድ ስንዝር ከፍ

ጀላል፣

አብዮት ጠባቂው በር ላይ ቆሟል። «ጫማዬን ላጥልቅ» ብዬው ነው የምጽፍልህ። ቀበሌ ተጠርቻለሁ። ለእሁድ ከወጣልን የይለፍ ወረቀት ላይም ስሜን ሰርዘውታል፤ ከደሴ መውጣት አልችልም። ኮምቦልቻ፣ ኩሬው ጋ፣ ዓሣ ለማጥመድ ብቻህን ውረድ።

መንጠቆውን እንደ ልማድህ መሬት ላይ አታስተኛው። ታቹ ጭቃና ሣር ነው፤ መንጠቆው ላይ የምትሰካው ሊጥ ይቀበርና ካርፑ ዓሣ ሳያየው ያልፋል። ተንሳፋፊው ቡሽ በገመዱ ላይ ይንሸራተታል፤ የሚያቆመው ከላይ ያሰርኩት ቀይ ክር ነው። ቡሹ ውሃው ላይ ከተጋደመ፣ ማስመጫው ብረት መሬት ነክቷል ማለት ነው። ክሩን በምራቅ አርሰህ፣ ቡሹ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ወደ መንጠቆው ሳበው። ከዚያ መንጠቆው ከጭቃው ከፍ እንዲል፣ በዚያው አቅጣጫ አንድ ስንዝር ጨምረህ ሳበው።

«ዓሣ እንደ ላም መሬት ነው የሚግጠው» እያልክ ስንት ቀን ተከራከርከኝ። ረቡዕ ካድሬው በውይይት ክበቡ «አናርኪስት» ሲለኝ ግን ያ ሁሉ ክርክርህ የት ገባ? ቤት ገብተን በር ከዘጋን በኋላ «አብሽር» ማለት ምን ያደርግልኛል?

«ፈሪ» ያልኩህ እህትህ ጣይባ ፊት መሆን አልነበረበትም።

ዓሣ የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ አይባልም። እኔና አንተን ከአንድ ድስት ያበላን እሱ ብቻ ነው፤ የያዝከውን ለብቻህ አትጨርሰው።

ሰኞ አንተንም ይጠሩህና «ስማቸው የሚባለውን ታውቀዋለህ?» ይሉሃል። እንድትከራከርልኝ አልጠይቅህም፤ ወላሂ ብለህም አትማልልኝ። «አብረን ነው የምንኖረው» በላቸው። እሱ ይበቃኛል።

ስማቸው