በገና ዕለት የተቆጣ ጌታ

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፣ ለጋሼ ጅሩ፤

አከም ጅርታ? ፈያዳ? የጉልበትህ ሕመም እንዴት ሆነልህ? ያ የማያባራ የእንግሊዝ ዝናብስ እንዴት አድርጎህ ከረመ? ዱረቲ ባለቤትህ ደኅና ናት? ኤቢሳና ለንሳስ አደጉልህ? ሥራህስ እንዴት ነው? እኛ ዋቀዮ ይመስገን፣ አንተን ከማጣታችን በቀር የጎደለብን የለም። እናታችን አደ ሲንቄ ዓይኗ ደከም ብሏል፤ ጆሮዋ ግን ጓዳ ውስጥ ያንሾካሾክነውን ሳይቀር ይሰማል። ባለቤቴ ጋሮማም እዚያው ጤና ጣቢያ ይሠራል። እኔም ያው የጉደር ልጆችን ታሪክ እያስተማርኩ፣ የጠመኔውን ብናኝ እየቃምኩ አለሁ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። አንተ ግን ያን እሑድ ደውለህ፣ «ልጅቷ ይቅርታ ትጠይቅ፣ አለቀ» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ። እሺ፣ ደብዳቤ እንደ ስልክ አይዘጋም፤ ብታጥፈውም ነገ ትከፍተዋለህ። የጎረቤታችን የወሰኑ ልጅ ለትምህርት ወደ እናንተ ስለሚመጣ በእጁ ላክሁልህ። በአማርኛ የጻፍኩትም አንተ በቁቤ ማንበብ ስላልተማርክ እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። እንግዲህ ረጋ ብለህ አንብበኝ።

ሃዋኒ ልጄን የእንግሊዞቹ አካዳሚ ያስገባሃት አንተ ነህ፤ ውለታህን አልክድም። አብሮህ የሚሠራው ሰውዬ ዳይሬክተሩን ሚስተር ዴንተንን ባያውቀው ኖሮ የኛ ልጅ ያን በር አታልፍም ነበር። ቦታውን ታስታውሰዋለህ፤ ከአምቦ ወደ ጉደር ስትመጣ በስተግራ ያለው፣ አባታችን ከብት ያሰማራበት የነበረው መስክ ነው። አሁን ሣሩ በማሽን ታጭዶ ነጭ መስመር ተሰምሮበታል። ቤተ ሙከራው ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ያስቀናል። ሃዋኒ በመስከረም፣ በመጀመሪያው የትምህርት ቀን፣ በማይክሮስኮፕ የሽንኩርት ልጣጭ አይታ መጥታ እራት እስክንበላ ስለዚያው ስታወራ አመሸች። ሐኪም እሆናለሁ ብላ ቆርጣለች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ይሉ የለ!

በጥቅምት አካባቢ ልጄ ዝም ማለት ጀመረች። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ግቢ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ የተናገረ ልጅ አንገቱ ላይ ገመድ ያላት ጣውላ ትንጠለጠልበታለች። ጣውላዋን የሚገላገለው ሌላ ልጅ ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ሲናገር ይዞ ያሳለፈላት እንደሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ እርስ በርስ ሲሰላለሉ ይውላሉ፤ አንዱ ወድቆ «እናቴን!» ቢል እንኳ የሚያነሳው ሳይሆን ጣውላዋን ይዞ የሚሮጥ ነው የሚቀድመው። እናታችን ይህን ስትሰማ፣ «ቃጭል ለላም ነው የማውቀው፣ ለልጅ ማን አንጠለጠለ?» አለች።

ያኔ ደውዬ ስነግርህ፣ «እኔስ ተገርፌ አይደል የተማርኩት?» አልከኝ። አዎ፣ ተገርፈሃል ጋሼ። አምቦ ክፍል ውስጥ ኦሮምኛ አወራህ ተብለህ ጠጠር ላይ ተንበርክከሃል። መምህሩ ስምህ አልጥመው ብሎ ግርማ ብሎ መዝግቦሃል። ያ መምህር ፈረንጅ አልነበረም፣ የራሳችን አገር ሰው ነበር። ፈረንጅ ብቻ ነው ይህን የሚያውቀው አልልህም። ግን አንተን ያመመህ ነገር ለልጄ መድኃኒት የሚሆነው በየትኛው ሐኪም ትእዛዝ ነው? እኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ የቻልኩት ያቺን ማይክሮስኮፕ አይቼ ብቻ ነው።

ታሪክ አስተምራለሁና ጥቂት ታገሠኝ። እንግሊዝ ያን ሁሉ አገር በመድፍ ብቻ አልገዛም። ወደ ሱዳን የሚልካቸውን ሹማምንት ሲመርጥ ከመጽሐፍ አንባቢው ይልቅ በኳስ ሜዳ ስሙ የተጠራውን ይወድ ነበር። የሕንድ መሳፍንትን ልጆች ሰብስቦ ክሪኬት ያስተማራቸው ሰውነታቸው እንዲፍታታ ብቻ አልነበረም፤ ዳኛ «ወጥተሃል» ካለህ፣ ባትሸነፍም እንኳ፣ ዝም ብለህ ከሜዳ መውጣትን እንዲለምዱ ነው። ትምህርቱም ያው፤ ጸሐፊና አስተርጓሚ የሚሆን ያህል ተምረህ ከዚያ በላይ እንዳታስብ። ጥልያንም በአምስቱ ዓመት የኛን ልጆችና የነጮቹን ልጆች በተለያየ ትምህርት ቤት አድርጎ፣ ለኛዎቹ ጥቂት ፊደልና ብዙ ሰላምታ አስተማራቸው። በኳሱና በዱላው ግን አልፈርድም። ሕንዶቹ ያንኑ ዱላ ተቀብለው ጌቶቻቸውን ደጋግመው አሸንፈውበታል፤ እሰይ! እንግሊዝኛውንም ልጄ ጥርት አድርጋ ትናገረው። ክፋቱ ፊሽካው ሁልጊዜ የአንድ ሰው አፍ ላይ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ገናው ልምጣ። ለአካዳሚው ገንዘብ የሚለግሱ እንግዶች ከእንግሊዝ ይመጡ ነበርና ሚስተር ዴንተን የአገራችንን ጨዋታ ላሳያቸው ብሎ አሰበ። እኛ ቤት ቂሌ የምንለውን የገናን ጨዋታ ማለቴ ነው። ሐሳቡ ባልከፋ። ግን ሕግ አወጣለት። በየወገኑ አሥራ አንድ ሰው፤ መዝፈን ክልክል፤ መሳደብ ክልክል፤ ዳኛው እኔ ነኝ አለ። የስፖርት መምህሩ ኢብሳ ይህን ለሽማግሌዎቹ ሲነግራቸው ከመካከላቸው ኦቦ ፍሮምሳ፣ «ዳኛ የሚኖረው ክስ ሲኖር ነው፤ ማን ማንን ከሰሰ?» አሉት። ሰውየውን የሚነግረው ጠፋ እንጂ፣ ገና ውስጥ ትልቁ ሕግ አንድ ነው፦ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ዓመቱን ሙሉ አጎንብሶ የከረመ ሰው በዚያች ቀን ጭቃ ሹሙንም፣ ባላባቱንም፣ አማቱንም በግጥም ይሸነቁጣል፣ ተሸንቋጩም ይስቃል። ይህ ከወጣ ገና ምን ቀረው? ዱላና ላብ!

የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ገጠሙ። ሜዳው ላይ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሰው የሚል ነገር የሩብ ሰዓት ዕድሜም አላገኘ። ሰው እየዘለለ ገባ። የታች ሰፈር ሩሯን መትቶ ሲያገባ ዘፈኑ ፈነዳ፣ ያው እንደ ወጉ። ሚስተር ዴንተን ለማስቆም ፊሽካውን ነፋ። ጋሼ፣ ሕዝቡ ምን መሰለው መሰለህ? ምት የሚያስይዝላቸው! «ጎሽ ፈረንጁ!» ብለው በፊሽካው ልክ ይዘሉ ጀመር። እሱ እየተናደደ በነፋ ቁጥር እነሱ ይብስ ደመቁ፤ ድንኳን ሥር የተቀመጡት እንግዶችም ቆመው አጨበጨቡ። እኔ ሆዴን ይዤ ዕንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

በዚህ መሐል ሃዋኒ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ከተሰለፉት ልጆች መሐል ወጣች። የዚያን ሳምንት ጣውላዋ እሷ አንገት ላይ ነበረች። መሐል ሜዳ ገብታ በዚያ በምታውቀው ቀጭን ድምጿ፦

ዳኛው ተቆጣ አሉ፣ ፊቱም ቀላ አሉ፤
ሜዳው የአያቴ ነው፣ ቁጭ ይበል በሉ።

ብላ አወረደችው። ሕዝቡ ተቀበላት፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ሚስተር ዴንተን ኢብሳን ምን አለች አለው። ኢብሳ ደግሞ ብልጥ ቢሆን መልካም ገና አለችህ ይለው ነበር፤ እሱ ግን አንዲት ቃል ሳይጥል ተረጎመለት። ሰውየው መጀመሪያ ካልቀላ ያን ጊዜ ቀላ። ሩሯን ከመሬት አንስቶ ኪሱ ከተተና ጨዋታው አልቋል ብሎ ሄደ። ኦቦ ፍሮምሳ ዱላቸውን ተደግፈው፣ «እንዲህ ያለ ገና እንኳን እኔ አባቴም አላዩ» አሉ።

በማግስቱ እኔና ጋሮማ ተጠራን። ሚስተር ዴንተን ክፉ ቃል አልተናገረንም፤ ሻይ ሁሉ አዘዘልን። ስፖርት ሥነ ሥርዓት ያስተምራል፣ ዳኛ የማይቀበል ልጅ ነገ ሕግ አይቀበልም አለን። ሃዋኒ በሚቀጥለው ሰኞ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ፣ በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም ፊት ይቅርታ ትጠይቅ፤ አለዚያ ቦታዋን ለሌላ ልጅ እንሰጣለን አለ። እኔም፣ «ልጄ ያለ ቀኑ ብትሰድብህ ኖሮ እኔው ነበርኩ ጆሮዋን ይዤ የማመጣት። በገና ዕለት ግን ሕግ ያፈረሰው የተቆጣው ሰው ነው» አልኩት። ፈገግ አለ፤ ልማዳችንን እንደሚያከብር ነገረኝ። ደም ፍላቴ የተነሳው ያኔ ነው። ልማዳችንን ኪሱ ከቶ ነው የሚያከብርልን!

ቤት ስንገባ ጋሮማ እንዳንተ አለ፤ ቃል ናት፣ ትወጣለች፣ ታልፋለች አለ። ሃዋኒ አለቀሰች። የምታለቅሰው ለሰውየው አልነበረም፣ ለቤተ ሙከራው ነበር። እኛ ትምህርት ቤት ያለው ማይክሮስኮፕ አንድ ነው፣ እሱም ካልታየበት ቆይቷል፤ ይህን አሳምራ ታውቃለች። እናታችን አጠገቧ አስቀምጣ ፀጉሯን ስትዳብስ አመሸች። እኔ የምፈልገውን በልቤ ባውቅም ሐኪም የምትሆነው እሷ ናትና፣ «አንቺ በወሰንሽው አብሬሽ እቆማለሁ» አልኳት። ከዚያ ነው አንተ ደውለህ የዘጋህብኝ።

ሰኞ ጠዋት ክፍሌን ለባልደረባዬ ትቼ ወደ አካዳሚው ሄድኩ፤ አጥሩ ሥር ቆምኩ። ሃዋኒ ተጠርታ መድረኩ ላይ ወጣች። የሰጧትን ወረቀት አላነበበችም። እንዲገባቸው ብላ በጥሩ እንግሊዝኛ፣ የማንንም እናት ወይም እምነት ሰድባ ቢሆን ኖሮ ተንበርክካ ይቅርታ እንደምትጠይቅ፣ ግን በገና ዕለት በአያቷ መስክ ላይ ስለዘፈነች ይቅርታ እንደማትጠይቅ ተናገረች። ቀጥላ ከገና ጀምሮ ያልተገላገለቻትን ጣውላ ከአንገቷ አወለቀች። ያ ሁሉ ልጅ ያያል፤ ለማን ልታሳልፋት ነው ብሎ። እሷ ወስዳ ሚስተር ዴንተን ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻትና፣ በኦሮምኛ፣ «ይህችን ለማንም አላሳልፍም» አለች። ማንም አላጨበጨበላትም፤ ፈርተዋል፣ አልፈርድባቸውም። ብቻዋን እየተራመደች በበሩ ወጣችና እኔን ስታይ ሮጣ መጣች። አቀፍኳት። ጋሼ፣ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ፈርቼ አላውቅም።

አሁን እኛ ትምህርት ቤት ናት፤ አንድ ወንበር ላይ ለሦስት ይቀመጣሉ። ጋሮማ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ ኋላ ራሱ የጤና ጣቢያውን ላቦራቶሪ ባለሙያ ለምኖ ቅዳሜ ቅዳሜ በማይክሮስኮፕ እንድታይ አስፈቀደላት። የአካዳሚው ወላጆችም አንድ ሁለት እያሉ ቤቴ መጥተው ስለ ጣውላዋ ጠየቁኝ፤ እኛም አንፈልጋትም ብለው አቤቱታ ሊያቀርቡ ነው። ሐኪም መሆኗ ከረዘመ ይርዘም። ይህች ከተማ ልጆቿ ስለ መሬታቸው አደባባይ ወጥተው በጥይት የወደቁባት ከተማ ናት፤ ልጄን እዚህ እያሳደግሁ አንገቷን እንድትደፋ ማስተማር አልችልም። ስለዚህ ጋሼ፣ ያሳፈርኩህ ከመሰለህ አዝናለሁ፤ ይቅርታ ግን ከኔም ከሷም አትጠብቅ።

ጋሮማ ሰላም ብሎሃል። ኦቦ ፍሮምሳ ጅሩ መጥቶ ገና ካልተጫወተ በእግዜር ስም አልመርቀውም ብለውሃል። ወሰኑና ቤተሰቧ፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ሰዎች ሁሉ እንደናፈቁህ ንገሪው ብለውኛል። ዱረቲን ሳምልኝ። እናታችን ግን ለኤቢሳና ለለንሳ ልዩ መልእክት አላት። ስልክ ላይ «ሃሎ አያቴ» ብለው ስልኩን ለአንተ ይመልሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያወሩበት ቋንቋ የላቸውም። «ድምፃቸውንስ ሰማሁ፤ ከመሞቴ በፊት ወሬያቸውን ልስማ» ትላለች። ሃዋኒ በየቅዳሜው ደውላ ኦሮምኛ ላስተምራቸው ብላለች። አደራ፣ ስልኩን አንሳላቸው። አንተም አጠገባቸው ቁጭ በል። ብትሳሳት የሚስቅብህ አይጠፋም፤ የሚገርፍህ ግን የለም።

እህትህ ድንቅቱ
ጉደር፣ ጥር 18 ቀን 2011 ዓ.ም.